የወለቃ ሸክላ ሠሪዎች
ከጎንደር ወደ ደባርቅ ሲወጡ፣ ከተማው እንዳለቀ ወለቃ ይመጣል። እናቴ ምጣድና ጀበና የምትገዛው ከዚያ ከሚመጡት የቤተ እስራኤል ሴቶች ነበር፤ ምጣዱን አንኳኩታ ድምፁን ሳታዳምጥ ከመቀነቷ ገንዘብ አትፈታም። ርስት የተነፈጉት እነዚህ ሰዎች በእጃቸው ሥራ አደሩ፤ ወንዶቹ ቀጥቃጭና ሸማኔ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ በነገሥታቱ ግንብ ላይ የሠሩ ግንበኞች ነበሩ። ማረሻውን ከእነሱ የሚገዛው ገበሬ ግን ቡዳ ይላቸው ነበር፤ ነውሩስ የእኛው ነው። ቱሪስት ሲበዛ ሴቶቹ ትንንሽ የሸክላ ምስል መሥራት ያዙ፦ የዳዊት ኮከብ ያለበት አንበሳ፣ ቄስ፣ ባልና ሚስት። እስከ 1983 ዓ.ም. ዘመቻ ሰሎሞን ድረስ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። ሥራውን ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ወረሱት፤ ኮከቡንም ሳይተዉ እየቀረጹ ለመንገደኛ ይሸጣሉ።