ከመወርወሪያው በፊት፦ የፈትል ታሪክና የፈታይዋ ሰዓት

ስለ አገር ልብስ ታሪክ ሲጻፍ ቀድሞ የሚነሳው ሸማኔው ነው። እግሩን የሚዘረጋበት ጉድጓድ፣ መወርወሪያው፣ ጥለቱ፣ ከጋሞ ደጋ ወጥተው ሽሮ ሜዳን የሽመና ሰፈር ያደረጉት ዶርዜዎች፣ በየዘመኑ የተለዋወጠው ጥበብ ሁሉ ተጽፎለታል። ይገባዋልም። ሆኖም ሸማኔው ድሩን ከመወጠሩ በፊት ለወራት የተሠራ ሌላ ሥራ አለ። እሱ በአብዛኛው በአንዲት ዓረፍተ ነገር ይታለፋል፤ ሴቶች በትርፍ ጊዜያቸው ይፈትሉ ነበር ተብሎ ወደ ሽመናው ይታለፋል። ይህች ዓረፍተ ነገር ስህተት ናት እላለሁ። ፈትል የትርፍ ጊዜ ሥራ ሆኖ አያውቅም። ሌላ ሥራ በበዛበት ቤት ውስጥ ቦታ እንዲያገኝ በብዙ ብልሃት የተደራጀ ዋና ሥራ ነበር፤ የአገሩ ልብስም፣ ለብዙ ዘመን የአገሩ ገንዘብ የተወሰነ ክፍልም የቆመው በእሱ ላይ ነው።

እስቲ ትርፍ ጊዜው በባላገር ቤት የት እንደነበረ እንፈልገው። የሞተር ወፍጮ ወደ ገጠር ከመግባቱ በፊት የቤቱ ዱቄት በሙሉ በድንጋይ ወፍጮ፣ በሴት ክንድ ይፈጭ ነበር። ብዙ ጊዜም የሚጀመረው ሌሊት ነው። ከዚያ ውኃው ከምንጭ ይቀዳል፣ እንጨቱ ይለቀማል፣ ሊጡ ይቦካል፣ እንጀራው ይጋገራል፣ ጠላው ይጠመቃል፣ ላሟ ትታለባለች፣ ሕፃኑ ይታዘላል። በአረምና በአጨዳ ወራት ደግሞ የማሳው ሥራ ይጨመራል። ከዚህ ሁሉ ተርፎ ለብቻው የሚቀመጥ ሰዓት አልነበረም። የነበረው በሥራና በሥራ መካከል ያለች ክፍተት ናት፤ ወጡ እስኪበስል፣ ሕፃኑ እስኪያንቀላፋ፣ ከብቱ እስኪገባ፣ ራት ተበልቶ እሳቱ እስኪከስም። የኢትዮጵያ ጥጥ የተፈተለው በእነዚህ ክፍተቶች ውስጥ ነው። እንዲህ ያለች ክፍተት ደግሞ ዝም ብላ አትሠራም፤ አስቀድሞ የተሰናዳ ነገር ከሌለ ሳትጠቅም ታልፋለች።

መሣሪያዎቹና የሥራው አከፋፈል የሚናገሩት ይህንኑ ነው። ጥጥ ከቆላ ወደ ደጋ ገበያ የሚወጣው ፍሬውን እንደያዘ ነበር። መጀመሪያ ይዳመጣል። በለስላሳ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ጥቂት ጥጥ ይደረግና ቀጭን የብረት ዘንግ በመዳፍ እየተጫኑ ሲያንከባልሉበት ፍሬው ተፈልቅቆ ይወጣል። ቀጥሎ በደጋን ይነደፋል። የደጋኑ ጅማት ጥጡ መሐል ገብቶ ሲነዘር የተጨመደደው እየተፍታታ ይነሳል፣ እድፉ ይረግፋል፣ ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው በእጅ እየተጠቀለለ አመልማሎ ይሠራል፣ አመልማሎው በእንዝርት ይፈተላል፣ እንዝርቱ ላይ የተጠመጠመውም ልቃቂት ይባላል። እያንዳንዱ ደረጃ የሚፈልገው ሰዓት ለየቅል ነው። መዳመጥ ጉልበት እንጂ ብዙ ጥበብ ስለማይጠይቅ ልጃገረዶች ይጋሩታል። መንደፍ ነፋስም እሳትም አይወድም፤ የተነደፈ ጥጥ በቀላሉ ይበናል፣ በቀላሉም ይነዳል፤ ስለዚህ ቀንና ቦታ ተመርጦለት በአንድ ጊዜ ብዙ ይነደፋል። አመልማሎው ተዘጋጅቶ በሙዳይ ይቀመጣል። መፍተሉ ብቻ ነው በማንኛውም ሰዓት፣ በማንኛውም ቦታ የሚቻለው። ፈታይዋ እንዝርቱን ጭኗ ላይ አሹራ ትለቀዋለች፣ በሌላው እጇ አመልማሎውን እየሳበች ታቀጥነዋለች፣ የከረረውን ትጠመጥማለች። ልጅ ሲያለቅስ ወይም እንግዳ ሲመጣ ክሩን በእንዝርቱ ጫፍ አሰር አድርጋ ታስቀምጠዋለች፤ የሚተረተር ነገር የለም፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ካቆመችበት ትቀጥላለች።

የሸማኔው ሥራ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ጉልህ ነው። የእሱ ዕቃ ከቦታው አይነሳም፤ ጉድጓድ ይፈልጋል፣ ሁለት እጅና ሁለት እግር በአንድ ጊዜ ይፈልጋል፣ ድሩ አንዴ ከተወጠረ ቀኑን ሙሉ የሚቀመጥለት ሰው ይፈልጋል። ሽመና ያልተቆራረጠ ቀን ላለው፣ ፈትል የተቆራረጠ ቀን ላላት ደረሰ። ይህ የተፈጥሮ ሕግ ነው ማለቴ አይደለም፤ በሌላው ዓለም፣ ለምሳሌ በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች፣ ሴቶች ከጥንት ጀምሮ ይሸምናሉ። በእኛ ደጋ ግን የሥራው ክፍፍል የተከተለው ማን ሙሉ ቀን እንዳለው ይመስለኛል።

የጊዜው መጠንም ቀላል አልነበረም። ሸማኔው ድርና ማጉ ተሟልቶ ከቀረበለት አንድ ጋቢ በቀናት ያወጣል። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ የሚፈጀው ክር ደግሞ በየክፍተቱ ከተፈተለ ወራት ይወስዳል። ስለዚህ አቆጣጠሩ ከበዓሉ ወደ ኋላ ነበር የሚጀምረው። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የሚለውን ተረት ስንሰማ የምናስበው የበዓሉን ድምቀት ነው፤ በእናቲቱ በኩል ግን ይህ የመጨረሻ ቀነ ገደብ ነው። ጥር 11 ላይ እንዲለበስ ክሩ ከሸማኔው ቤት ቀደም ብሎ መድረስ አለበት፤ ሸማኔው በዚያ ወር የሰው ሁሉ ፈትል ስለሚቆለልበት ወረፋ አለ፤ ከሽመናው በኋላም ሁለቱ ስንጥር ተጋጥሞ ይሰፋል፣ ዘርፉ ይቋጫል። በየክፍተቱ ሠርታ ይህን ቀን የምታደርስ ሴት ወራት አስቀድማ ያቀደች ናት።

ይህ ሁሉ ድካም የት ይደርስ እንደነበር የውጭ ተጓዦች ያዩትን ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከጎጃም ለንጉሡ የሚገባውን ግብር ሲዘረዝር ከፈረስና ከበቅሎ ጎን የጥጥ ልብስ በብዛት ይቆጥራል። ከ250 ዓመት ገደማ በኋላ በአድዋ ያለፈው ጄምስ ብሩስ ደግሞ በከተማይቱ የሚሠራው ወፍራም የጥጥ ሸማ በአገሩ ሁሉ እንደ ገንዘብ ይዘዋወር እንደነበር፣ አሥር ጥቅሉም በአንድ ወቄት ወርቅ ይተመን እንደነበር ጽፏል። ይህን የታሪክ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከአሞሌ ጨው ጋርም ይጠቀሳል። የማይጠቀሰው ሌላው ነው። ያ ሸማ የተሸመነበት ክር በግምጃ ቤት አልተፈተለም። በየጎጆው፣ በምድጃ ዳር፣ ወጥ እስኪበስል በተገኘች ጊዜ ተፈትሎ የተጠራቀመ ነው። ሸማው ገንዘብ ከነበረ የገንዘቡ መነሻ ፈታይዋ ናት።

እዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ፤ በቀላሉ የሚታለፍም አይደለም። እናቶቻችን ራሳቸው ፈትልን እንደ ዕረፍት ያዩት ነበር ይባላል። እየተጨዋወቱ፣ ተረት እየነገሩ፣ ቡና እየጠጡ ይፈትሉ ነበር። ታዲያ ዋና ሥራ ነው ማለት ማጋነን አይሆንም? አይሆንም። ከወፍጮ ላይ ተነስቶ ለተቀመጠ ሰው መፍተል በእርግጥ ያሳርፋል፤ አንዱ ሥራ ከሌላው መቅለሉ ግን ሥራነቱን አይፍቀውም። ማኅበረሰቡም ይህን አላጣውም። በብዙ አጥቢያ ግዝት በዓል በሆነ ቀን፣ በሚካኤል፣ በማርያም ወይም በሰንበት፣ እንደ ማረስና እንደ መፍጨት ሁሉ እንዝርት ማንሳትም የተነወረ ነበር። ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ማን ይከለክለው ነበር? በተጨማሪም ፈትል ገበያ ወጥቶ ይሸጥ ነበር። ሴቲቱ በእሱ ጨውና በርበሬ ትገዛለች፤ ከባሏ እጅ ሳትጠብቅ የምታዝበት ጥቂት ገንዘብ የሚገኘውም በአብዛኛው ከዚሁ ከጓሮዋ፣ ከዶሮዋና ከእንዝርቷ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሸማኔው ወገን ይመጣል። ሸማኔው ተከብሮ መቼ ያውቃል? ቡዳ ተብሏል፣ ቁጢት በጣሽ ተብሎ ተሰድቧል፣ ርስት ተከልክሏል። እውነት ነው፤ የዚያን ንቀት ግፍ ለማሳነስ የሚፈልግ ቃል እዚህ የለም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያ እንዳይሰደብ ያስነገሩት አዋጅ የወጣው ችግሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበረ ስለተረዱ ነው። ነገር ግን በዚያ ንቀት ውስጥ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። የተናቀው ሸማኔ የሚሸምነውን ክር የፈተለችው የባላባት ሚስት ልትሆን ትችላለች፤ መፍተል የወይዘሮም የባላገርም ሙያ ነበርና ማንንም አያስንቅም። አንዱ ልብስ ሁለት ዓይነት ሥራ አለበት፦ አንዱ ዋጋ ይከፈልበታል፣ ግን ያስንቃል፤ ሌላው ያስከብራል፣ ግን ለቤት ሲሠራ ዋጋ አይቆጠርለትም። ሰው ፈትሉን ይዞ ሸማኔ ቤት ሲሄድ የሚከፍለው የሽመናውን የእጅ ዋጋ ብቻ ነው። የወራቱ ፈትል ከቤት የመጣ ስለሆነ በሒሳቡ ውስጥ አይገባም። ፈታይ በአዋጅ የሚከላከልላት ሳያስፈልጋት የቀረውም የሰደባት ስላልነበረ ነው፤ ያልተሰደበችው ግን ሥራዋ ዋጋ እንደሚከፈልበት ሙያ ስላልተቆጠረ ጭምር ነው።

ፈትልን ያዳከመው ዕረፍት መምጣቱ ሳይሆን የውጭ ንግድ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አቡጀዲ ገበያውን አጥለቀለቀው። ብዙው ከአሜሪካ ፋብሪካዎች የሚመጣ ነበር፤ አሜሪካዊው ሮበርት ስኪነር በ1896 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥቶ ከምኒልክ ጋር የንግድ ውል የተፈራረመበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ዕቃው ይበልጥ ረከሰ። ያም ሆኖ አቡጀዲ ሸሚዝና ሱሪ ሆነ እንጂ ጋቢን አልተካም፤ የደጋ ብርድ በስስ ጨርቅ አይመከትም። የበለጠ የጎዳው የፋብሪካ ክር ነው። መጀመሪያ ከውጭ፣ ኋላም ከድሬዳዋ፣ ከአቃቂ፣ በጣሊያን የጦር ካሳ በ1953 ዓ.ም. ከተከፈተው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የወጣው ክር ጠንካራና እኩል ስለሆነ ሸማኔው ለድር መረጠው። ማጉ ግን ለስላሳና ሞቃት እንዲሆን የእጅ ፈትል ሆኖ ቀጠለ። ዛሬ ሽሮ ሜዳ የሚሸጥ ጥሩ ጋቢ በአብዛኛው እንዲህ ያለ ነው፤ ቁመቱ የፋብሪካ፣ አግድሙ የሴት እጅ።

ታዲያ ሴቶች ከድካም ቢያርፉ ምን ያስቆጫል የሚል ይኖራል። የሚያስቆጨው ማረፋቸው አይደለም፤ የሞተር ወፍጮ ያመጣውን እፎይታ የሚጠላ የለም። የወፍጮው መምጣት ድካም ብቻ ነው የወሰደው። የፋብሪካው ክር ግን ከድካሙ ጋር የሴቲቱን ገበያም ወሰደ፤ በምትኩ የመጣ ገቢ ለብዙዎቹ አልነበረም። በከተማ ያቺ ክፍተት ወደ ሌላ እጅ ሥራ ዞረች። የሚሲዮን ትምህርት ቤቶችና የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ለልጃገረዶች ስፌትና የእጅ ሥራ አስተማሩ፤ ከተማሪዎቹም ወደ ጎረቤት እየተላለፈ ኪሮሽ በየቤቱ ገባ። ዳንቴሉ የሶፋውን መደገፊያ፣ የራዲዮኑን አናት፣ ረከቦቱን አለበሰ። ኪሮሽ በከተማ ቤት የተወደደው እንዝርት በባላገር ቤት በተወደደበት ምክንያት ነው። አንድ መርፌና አንድ ድውር ይበቃዋል፣ ከቦርሳ ይገባል፣ መሐል ላይ ቢተው ያለችው አንዲት ቀለበት ናት፣ ትልቁ ሥራም ከትናንሽ አበቦች ስለሚጋጠም እያንዳንዷ አንዴ ቁጭ ሲባል ታልቃለች። የውበት ፍላጎቱንም የእጁንም ብልሃት አከብራለሁ። ሆኖም በቤቱ ኢኮኖሚ ውስጥ የፈትልን ቦታ አልያዘም። ፈትል ቤተሰቡን ያለብስ ነበር፤ ዳንቴል ዕቃውን አለበሰ።

የእጅ ፈትል አልሞተም። ገዢው ዛሬም ንጹሕ ፈትል መሆኑን ጠይቆ ነው ዋጋ የሚጨምረው፤ እንደ ሳባሃር ያሉ የአዲስ አበባ ድርጅቶች ቤታቸው ሆነው ለሚፈትሉ ሴቶች ስለ ክሩ ይከፍላሉ፤ ሽሮ ሜዳ ግን ጋቢ ሲሸጥ ስለ ጥለቱና ስለ ሸማኔው እጅ ይወራል እንጂ ማጉን ማን እንደፈተለው የሚነገር የለም። በመዳመጫና በደጋን መሥራት የሚያውቁት እናቶች ደግሞ ዕድሜያቸው ገፍቷል። በስድስት ኪሎ ሙዚየም ዕቃው ተቀምጧል፤ ዕቃው ግን ባዘቶው መቼ እንደሚነደፍ፣ ለአንድ ጋቢ ስንት ልቃቂት እንደሚያስፈልግ፣ ከመስከረም እስከ ጥር ሥራው እንዴት እንደሚከፋፈል አይናገርም። እናታችሁ ወይም አያታችሁ ፈትለው ከሆነ ይህን ዛሬ ጠይቋቸው፤ የሚነግሯችሁንም በስማቸው ጻፉት።