«ሱን» ማለት መቼ ነው?

አንድ ጊዜ ለንደን ላለ ደንበኛ ከአዲስ አበባ ሆኜ ድረ ገጽ እሠራ ነበር። አንድ ቀን የክፍያው ገጽ ተበላሸ። «መቼ ይስተካከላል?» ሲለኝ «ሱን» ብዬ ጻፍኩለት። በእኔ ሒሳብ እስከ ማታ ማለቴ ነው። እሱ ግን ስክሪኑ ላይ አፍጦ ጠበቀኝ፤ ለገዢዎቹም «አሁን ይስተካከላል» አላቸው። ከሦስት ሰዓት በኋላ ስጨርስ ገዢዎቹ ሄደዋል። ውላችንም አልታደሰም።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ቃሉ ግን አልለቀቀኝም። ታሪኩን ሳነብ ደነገጥኩ፦ ከሺህ ዓመት በፊት፣ በጥንታዊው እንግሊዝኛ፣ ቃሉ «ሶና» ነበር፤ ትርጉሙም «ወዲያውኑ»። ለካ ደንበኛዬ ሳያውቀው በጥንቱ ትርጉም ነው የጠበቀኝ!

ቃሉ የተንሸራተተው ብቻውን አይደለም። «አኖን» የሚባል ቃል ነበር፤ እሱም መጀመሪያ «ወዲያው» ማለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1598 በታተመው የሼክስፒር «ሄንሪ አራተኛ» ክፍል አንድ ውስጥ ፍራንሲስ የሚባል የመጠጥ ቤት አሳላፊ አለ። ልዑሉ በወሬ ይዞታል፣ ፖይንስ ከሌላ ክፍል ይጠራዋል፤ እሱ «አኖን፣ አኖን» ይላል እንጂ አይሄድም። ካፌ ቁጭ ብላችሁ «መጣሁ!» ተብላችሁ የቀራችሁ ሁሉ ፍራንሲስን ታውቁታላችሁ።

«ባይ ኤንድ ባይ»ም አለ። እ.ኤ.አ. በ1611 በታተመው የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ማርቆስ 6፥25 ላይ፣ የሄሮድያዳ ልጅ የመጥምቁ ዮሐንስን ራስ የምትጠይቀው በዚህ ቃል ነው። አሁኑኑ ማለቷ ነው። የዛሬ አንባቢ ግን «ኋላ ላይ» ያለች ሊመስለው ይችላል። «ፕረዘንትሊ»ም ከ«አሁኑኑ» ወደ «ትንሽ ቆይቶ» የወረደ ቃል ነው።

እነዚህን ቃላት የሰዋስው ሊቃውንት ተሰብስበው አልቀየሯቸውም። የቀየራቸው እንደ እኔ ያለ ሰው ነው። «ወዲያው» ብሎ የሚዘገይ ሲበዛ፣ ሰሚው ከቃሉ ላይ ትንሽ ትንሽ ይቀንሳል። ውሎ አድሮ ያ የተቀነሰው ራሱ ትርጉሙ ይሆናል። ከዚያ የእውነት ለቸኮለ ሰው ሌላ ቃል መፈለግ ግድ ነው።

እኛስ? «መጣሁ» ያለቀ ነገር የሚነገርበት ግስ ነው። ጫማችንን ሳናጠልቅ ግን በስልክ «መጣሁ» እንላለን፤ የሚሰማንም ገና እንዳልተነሳን ያውቃል። ለዚህም ነው የእውነት ስንመጣ «ሙች፣ መንገድ ላይ ነኝ» ብለን መማል ያለብን።

አሁን ለደንበኛ «ሱን» አልጽፍም። ቁርጥ ያለ ሰዓት እጽፋለሁ፤ በለንደን ይሁን በአዲስ አበባ አቆጣጠር ጭምር። እናቴ ግን ከክፍለ ሀገር ደውላ «መቼ ነው የምትመጣው?» ባለችኝ ቁጥር መልሴ «በቅርቡ» ነበር። ባለፈው ሳምንትም አልኳት። «እሺ» ብላ ዝም አለች። ስትቀንስ ሰማኋት።

መልሼ ደወልኩና «ቅዳሜ» አልኳት። ትኬቱን ቆርጫለሁ።