ሆርሞን ተቀባዮችና የሳንባ ካንሰር፦ ያልተቋጨ ፍለጋ

ከካንሰር ዓይነቶች ሁሉ በዓለም ላይ ብዙ ሰው የሚገድለው የሳንባ ካንሰር ነው። በ2022 ብቻ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 2.5 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ታመውበታል፤ 1.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተውበታል። ዋናው መንስኤ ሲጋራ መሆኑን በ1950 በእንግሊዝና በአሜሪካ የታተሙ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ዛሬ የሚያከራክር ጉዳይ አይደለም። ሲጋራ ብቻውን የማይመልሰው ጥያቄ ግን አለ። በሽታው በአንድ ዓይነት ደረጃ ላይ ሳለ የተገኘባቸው ወንዶችና ሴቶች ሲነጻጸሩ፣ በአማካይ ሴቶቹ ረዘም ላለ ጊዜ ይኖራሉ። ሲጋራ በአፋቸው ዞሮ ከማያውቅ የሳንባ ካንሰር ሕመምተኞች መካከልም የሚበዙት ሴቶች ናቸው። ልዩነቱ ከየት መጣ? ጥያቄው ተመራማሪዎችን የሴት ሆርሞን ወደሚባለው ወደ ኢስትሮጅን፣ ከዚያም የሆርሞኑን መልእክት ወደሚቀበሉት የሕዋስ ፕሮቲኖች መራቸው። ተስፋቸው ትልቅ ነበር፦ ከዕጢው በተቆረጠች ትንሽ ናሙና ላይ ተቀባዩን አይቶ የሕመምተኛውን የነገ ዕጣ መናገር።

የፍለጋው መነሻ ጡት እንጂ ሳንባ አልነበረም። በ1896 የግላስጎው ቀዶ ሐኪም ጆርጅ ቢትሰን፣ የጡት ካንሰር የተስፋፋባትን ሴት እንቁልጢ በማውጣት ዕጢውን ማሟሸሽ እንደሚቻል ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ጻፈ። ኢስትሮጅን በዚያን ጊዜ ገና ተለይቶ አልታወቀም። በ1941 ደግሞ ቻርልስ ሃጊንስ በቺካጎ፣ የወንድ ሆርሞንን በመቀነስ የፕሮስቴት ካንሰርን ማዳከም እንደሚቻል አሳየ፤ ለዚህ ሥራው በ1966 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ካንሰር የሰውነትን ትእዛዝ ፈጽሞ አይሰማም የሚለው እምነት በሁለቱ ሰዎች ሥራ ተናጋ። ሆኖም እንቁልጢ ማውጣት አንዷን ሲጠቅም ሌላዋን በከንቱ ያሠቃይ ነበር። የምትጠቀመው የትኛዋ እንደሆነች አስቀድሞ የሚያውቅ አልነበረም።

መንገዱን የከፈተው ኤልውድ ጄንሰን ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ፣ ጨረር በሚያመነጭ ሃይድሮጅን ምልክት ያደረገበትን ኢስትሮጅን ለአይጦች ሰጠ። ሆርሞኑ ከሌላው የሰውነት ክፍል ቶሎ ሲወጣ በማህፀን ውስጥ ግን ተይዞ ቆየ። የያዘው ፕሮቲን የኢስትሮጅን ተቀባይ ነበር። በኋላም ጄንሰንና ባልደረቦቹ፣ ዕጢዋ ተቀባዩ ያለበት የጡት ካንሰር ታማሚ ሆርሞንን ከሚያግድ ሕክምና እንደምትጠቀም፣ ተቀባዩ የሌለባት ግን እምብዛም እንደማትጠቀም አሳዩ። በ1977 ኢስትሮጅንን የሚያግደው ታሞክሲፌን በአሜሪካ ሲፈቀድ ምርመራና መድኃኒት ተገናኙ። ዛሬ በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የምትታከም የጡት ካንሰር ታማሚ ታሞክሲፌን የምትወስደው በዚሁ ግኝት መሠረት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይሰመርበት። በጡት ካንሰር ተቀባዩ ሁለት ሥራ ሠርቷል፤ የበሽታውን አካሄድ ጠቁሟል፣ የሚሠራውንም መድኃኒት ለይቷል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የበሽታውን አካሄድ ብቻ የሚናገር ምልክት ለሕመምተኛው ዜና ያመጣለታል እንጂ ፈውስ አያመጣለትም።

በ1980ዎቹ ምርመራው ወደ ሳንባ ሲዞር ውጤቱ ተምታታ። አንዱ ቤተ ሙከራ ተቀባዩን አገኘሁ ሲል ሌላው የለም ይል ነበር። የዘመኑ ዘዴ ዕጢውን ፈጭቶ ምን ያህል ሆርሞን እንደሚይዝ መለካት ስለነበር፣ ተቀባዩ ያለው በካንሰሩ ሕዋስ ይሁን በአጠገቡ ባለው ጤነኛ ሕዋስ መለየት አይቻልም ነበር። በ1996 አዲስ በር ተከፈተ። በስዊድን ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት የያን-ኦኬ ጉስታፍሰን ቡድን ከአይጥ ፕሮስቴት ሁለተኛ የኢስትሮጅን ተቀባይ አገኘ። የቀድሞው አልፋ፣ አዲሱ ቤታ ተባሉ። ቤታ እንዲጎድላቸው የተደረጉ አይጦች ሳንባቸው በትክክል እንደማይሠራ ሲታይ፣ ሳንባ ከኢስትሮጅን ጋር ጉዳይ እንዳለው ግልጽ ሆነ። በ2002 የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሳንባ ካንሰር ሕዋሳት ውስጥ ሁለቱም ተቀባዮች እንዳሉ፣ ኢስትሮጅን ዕጢውን እንደሚያሳድገው፣ ፉልቬስትራንት የተባለው ኢስትሮጅንን የሚቃወም መድኃኒት ደግሞ በአይጦች ላይ እድገቱን እንደሚገታ ዘገቡ።

ከዚያ በኋላ የትንበያ ጥናቶች ጎረፉ። በ2005 ከጃፓን የወጣ ጥናት አልፋ ያለባቸው ሕመምተኞች ዕድሜ እንደሚያጥር፣ ቤታ የሌለባቸውም እንዲሁ እንደሚጎዱ ገለጸ። በዚያው ዓመት ሌላ የጃፓን ቡድን ፕሮጄስትሮን የተባለው የሌላው የሴት ሆርሞን ተቀባይ መኖር የደግ ምልክት ነው አለ። ከአሜሪካ የመጣው ደግሞ በሕዋሱ ኒውክሊየስ ውስጥ ያለ ቤታ ወንዶችን እንጂ ሴቶችን እንደማይጠቅም አመለከተ። በ2011 ከፒትስበርግ የወጣው ጥናት ከኒውክሊየሱ ውጭ ያለ ቤታ የክፉ ምልክት መሆኑን አስታወቀ። በ2007 የሎስ አንጀለስ ተመራማሪዎች ትኩረታቸውን ኢስትሮጅን ወደሚሠራው ኢንዛይም ወደ አሮማቴዝ አዙረው፣ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሴቶች ዕጢያቸው ውስጥ ኢንዛይሙ ሲያንስ ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚኖሩ አሳይተው ነበር። አንድ ተቀባይ በአንዱ አገር ወዳጅ፣ በሌላው ጠላት፤ በወንዱ ጠቃሚ፣ በሴቷ የማይጠቅም ሆኖ ቀረበ።

በብዙ ሕዝብ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ጉዳዩ ተረት እንዳልሆነ ይመሰክራሉ። በአሜሪካ 16,608 ያረጡ ሴቶች የተሳተፉበት ትልቅ የሆርሞን ጥናት ውጤት በ2009 ታትሟል። ኢስትሮጅንንና ፕሮጄስትሮንን የሚመስለውን ፕሮጄስቲን አጣምረው ከወሰዱት መካከል 73 በሳንባ ካንሰር ሲሞቱ፣ አስመሳይ ክኒን ከወሰዱት የሞቱት 40 ነበሩ። አዲስ በበሽታው የተያዙት ቁጥር ግን በጉልህ አልተለያየም። ሆርሞኑ በሽታውን ከመቀስቀስ ይልቅ የተቀሰቀሰውን ያፋፋመ ይመስላል። በ2011 የወጣ የጄኔቫ ጥናት ደግሞ፣ ለጡት ካንሰር ኢስትሮጅንን የሚቃወም መድኃኒት የወሰዱ ሴቶች በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድላቸው ዝቅተኛ መሆኑን አሳየ። ይህ የተገኘው ከመዝገብ በመሆኑ ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይሆንም።

ማረጋገጫው የሚገኘው ከመድኃኒት ሙከራ ነው። ፉልቬስትራንት ኤርሎቲኒብ ከተባለው ሌላ የካንሰር መድኃኒት ጋር ተጣምሮ በሳንባ ካንሰር ሕመምተኞች ላይ ሲሞከር፣ በአጠቃላይ ሲታይ በሽታው ሳይባባስ የሚቆይበትን ጊዜ በጉልህ አላራዘመም። በዚህ መሐል ሌላ ምልክት ቀድሞ ሄዷል። በ2004 በቦስተንና በኒውዮርክ፣ ኢጂኤፍአር በተባለው ዘረ-መል ላይ የሚታዩ ለውጦች የትኛው ሕመምተኛ ኢጂኤፍአርን ከሚያግድ ክኒን እንደሚጠቀም እንደሚለዩ ታወቀ። ለውጦቹ በብዛት የሚታዩትም በሴቶች፣ በማያጨሱ ሰዎችና በምሥራቅ እስያውያን ላይ ነው። ይህ ምርመራ ዛሬ የሕክምና መመሪያ ሆኗል፤ የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ ግን የሳንባ ካንሰርን ሕክምና አይወስንም። እንዲያውም በሳንባ ውስጥ የኢስትሮጅን ተቀባይ ያለበት ዕጢ ሲገኝ የፓቶሎጂ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ካንሰሩ ከጡት ተሰራጭቶ እንዳይሆን ነው።

በ2017 የመጣው ዜና ከሁሉ ይከብዳል። የስዊድን ተመራማሪዎች ቤታን ለማየት የሚያገለግሉ 13 ፀረ-እንግዳ አካላትን ሲፈትሹ ቤታን ብቻ ለይቶ የሚይዘው አንዱ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሚዛኑ ካልታመነ የተመዘነው ሁሉ አጠራጣሪ ነው። በቤታ ላይ የተጻፉት የትንበያ ጥናቶች በሙሉ ስህተት ናቸው ማለት አይደለም፤ በታመነ መሣሪያ እስኪደገሙ ድረስ ግን አንዳቸውም ለሕመምተኛ ቃል ሊሆኑ አይገባም።

የዚህ ታሪክ ፍርድ እንግዲህ ይህ ነው። ኢስትሮጅን በሳንባ ካንሰር ውስጥ እጁ እንዳለበት የሚጠቁም ብዙ ማስረጃ አለ። ተቀባዩ ግን እንደ ጡቱ ፍጻሜን የሚናገር፣ መድኃኒትንም የሚመርጥ ምልክት ለመሆን አልበቃም። የጎደለው የተመራማሪዎች ትጋት ሳይሆን የታመነ ምርመራ፣ ወንድና ሴትን ለይቶ የሚያይ በቂ ቁጥር ያለው ጥናት፣ ከምርመራው ጋር የሚጣመርም መድኃኒት ነው። በዚህ መስክ ለሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞችና ተመራማሪዎች፣ በአገር ቤትም በውጭም ላሉት፣ ማሳሰቢያዬ አንድ ነው፦ ውጤት ከማተማችሁ በፊት መሣሪያችሁን ፈትኑ፤ ሴቶችንም በጥናታችሁ ውስጥ ለብቻቸው ቁጠሩ። ለአንባቢ ደግሞ፦ ሐኪም በአንድ ምልክት ብቻ ተነሥቶ ዕድሜዎን ቢቆጥርልዎ ምርመራው በምን እንደተሠራና ምን መድኃኒት እንደሚያስከትል ይጠይቁ። የሚያጨሱ ከሆነም ያቁሙ፤ የሳንባ ካንሰርን በመከላከል ረገድ ከዚህ የሚበልጥ እስካሁን የለም።