የአንድ ጉባኤ ልጅነት፦ ከዋድላ ቅኔ ቤት እስከ ወይዘሮ ስሂን

አብሮ መማር በወሎ ምን ዓይነት ዝምድና ፈጠረ? ይህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን ከቆቦና ከራያ ቆላ አንጻር ለመመልከት ይሞክራል።

ቆቦ በዞብል ተራሮችና በላስታ ደጋ መካከል በተዘረጋው የማሽላ ሜዳ ላይ ትገኛለች። ከፍ ያለ ትምህርት የፈለገ የቆላ ልጅ ለረጅም ዘመን ከቀዬው መውጣት ነበረበት። በደጋው በኩል የቅኔ ትምህርት ከገነነባቸው ስፍራዎች አንዱ ዋድላ ነው። አኩፋዳውን አንግቶ የመጣውን አዲስ ተማሪ ቀድመውት የገቡት ቅኔ ያስቆጥሩታል፤ ቁራሽም ያካፍሉታል። ተመርቆ ወደ ሌላ አገር ሲሻገር አስቀድሞ የሚጠየቀው «መምህርህ ማን ነው?» ተብሎ ነው። የመምህሩ ስም እንደ ዘር ሐረግ ይቆጠርለታል፤ ስሙን የሚያውቁ የጉባኤ ባልንጀሮችም ማደሪያና ወንበር ያፈላልጉለታል። መንግሥቱ ለማ ከአባታቸው አንደበት ሰምተው በ1959 ዓ.ም. ያሳተሙት የአለቃ ለማ ኃይሉ መጽሐፈ ትዝታ፣ መምህራንና የተማሪ ቤት ኑሮ በአንድ ሊቅ ሕይወት ምን ያህል ቦታ እንደሚይዙ ያስረዳል።

ዘመናዊው ትምህርት ሲስፋፋ የሰሜኑ ተማሪ መንገድ ወደ ደሴ ዞረ። በዚያ በወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ከተማሩት መካከል ዋለልኝ መኮንንና ብርሃነ መስቀል ረዳ ይገኛሉ። ሁለቱም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ንቅናቄ ግንባር ቀደም ሆኑ። ዋለልኝ የብሔረሰቦችን ጥያቄ ያነሳበትን ጽሑፍ በኅዳር 1962 ዓ.ም. አወጣ፤ በኅዳር 1965 ዓ.ም. አውሮፕላን ለመጥለፍ በተደረገው ሙከራ ተገደለ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የሁለቱ ዝምድናዎች ልዩነት ነው። የቅኔ ቤቱ ልጅ ከባልንጀራው ጋር ቢከራከር እንኳ የሚዳኘው አንድ መምህር ነበረው። የንቅናቄው ትውልድ ግን የተሳሰረው በሐሳብ ነበር፤ ሐሳቡ ሲከፈል ትስስሩም ተበጠሰ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በአንድ ክፍል የተማሩ ሰዎች በተቃራኒ ድርጅቶች ተሰልፈው ተገዳደሉ። እንግዲህ አብሮ መማር በር ይከፍታል እንጂ ለፍቅር ዋስ አይሆንም።

ዛሬ የቆቦ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የግድ አይሆንበትም፤ ወልዲያ ቅርቡ ናት። ነገር ግን በሐምሌ 2013 እና በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦ ሲገባ በአካባቢው ትምህርት ቤቶች ላይ ጉዳት ደረሰ። መዝገብ በጠፋበት ስፍራ የትምህርት ቤቱ ታሪክ የሚገኘው በቀድሞ ተማሪዎቹ ትዝታ ነው። ስለዚህ ወጣቱ ተመራቂ ቀዳሚዎቹን ሲፈልግ ሥራ እንዲያገናኙት ብቻ አይሁን፤ «መምህርህ ማን ነበር?» ብሎ ይጠይቅ፣ መልሱንም ይጻፍ።