ሱስኩሃና የገባበት ጉድጓድ

በሰሜን ምሥራቅ ፔንሲልቬንያ፥ የሱስኩሃና ወንዝ በፒትስተን ከተማ አጠገብ በሚወርድበት ሸለቆ፥ ቆፋሪዎች ከመቶ ዓመት በላይ አንትራሳይት የተባለውን ጠንካራ የድንጋይ ከሰል እያወጡ የተዉት ዋሻ እርስ በርሱ እየተያያዘ፥ ከከተሞቹ በታች ሌላ የጨለማ አገር ሆኖ ነበር።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 22 ቀን 1959፥ በዕለተ ሐሙስ፥ የኖክስ ኩባንያ ሠራተኞች በፖርት ግሪፊዝ ከተፈቀደው ወሰን አልፈው ከወንዙ በታች በቆፈሩት ሥፍራ ጣሪያው ተደርምሶ፥ በበረዶ የተሞላው ወንዝ ወደ ቀላይ እንደሚወርድ ሆኖ ገባ። ከራሳቸው በላይ ቢያንስ 35 ጫማ ዐለት ሊቀር ሲገባው እጅግ አሳስተውት ስለ ነበር፥ ይህን የተፈጥሮ መቅሠፍት ብሎ መጥራት በሙታን ላይ ግፍ መጨመር ነው። ከ81 ሰዎች 69ኙ ሲድኑ፥ 12ቱ በዚያው ቀሩ፤ ዐፅማቸውም አልተገኘም።

ከዳኑት 33ቱ የወጡት ኢግል በተባለ አሮጌ የአየር ማስገቢያ ጉድጓድ ነው፤ አሜዴዮ ፓንኮቶ የተባለው ቆፋሪ 50 ጫማ ያህሉን ቀጥ ያለ ግድግዳ በእጁና በእግሩ እየቧጠጠ ወጥቶ ድረሱልን ባይል ኖሮ፥ የሚደርስላቸው አልነበረም። የተተወ ጉድጓድ ሁሉ በችኮላ ይደፈን የሚል ሰው ይህን ያስብልኝ።

ቀዳዳውን መድፈን ደግሞ ሌላ ተጋድሎ ሆነ። ታላላቅ የባቡር ፉርጎዎችን በሐዲድ እስከ ወንዙ ዳር አምጥተው ወደ አዙሪቱ ገፈተሯቸው፤ አዙሪቱም እያዞረ ዋጣቸው። የማዕድን ጋሪና የከሰል ግርድ እየጨመሩ በሦስተኛው ቀን ጎርፉን ገቱት፤ እስከዚያ ግን ከ10 ቢሊዮን ጋሎን በላይ ውሃ ገብቶ ነበር። ኋላም በወንዙ ውስጥ ካለችው ከዊንተርሙት ደሴት ላይና ታች ግድብ ሠርተው ወንዙን በደሴቲቱ ማዶ ካሳለፉት በኋላ፥ የተገለጠውን አፍ በአርማታ ዘጉት።

አርማታው ወንዙን ከለከለ እንጂ ውሃውን አላጠፋም፤ ደፋኝ ሁሉ አስቀድሞ ሊያስበው የሚገባው የውሃውን መውጫ ነው። የከርሰ ምድሩ ሥራ ከስሞ ከዋሻው ውሃ የሚያወጡት ፓምፖች ሲቆሙ፥ ከዝናብ የሚሰርገው ውሃ በተተዉት ዋሻዎች ተጠራቅሞ የሰዉን ምድር ቤት ማጥለቅለቅ ስለ ጀመረ፥ እ.ኤ.አ. በ1962 በኦልድ ፎርጅ፥ በላካዋና ወንዝ ዳር፥ ስፋቱ 42 ኢንች የሆነ ማፋሰሻ ጉድጓድ ሆን ተብሎ ተቦረቦረ። ቤቶቹ በዚህ ዳኑ። ነገር ግን ውሃው ፒራይት ከተባለው የብረትና የድኝ ውሕድ ብረቱን አሟሙቶ ስለሚወጣ፥ አየር ሲያገኘው ብረቱ ዝገት ሆኖ ይዘቅጣል፤ ከዚያ በታችም የላካዋና ድንጋይ ብርቱካናማ ነው።