ይዞታ፣ እድርና ምኩራብ፦ የጎንደር ቤተ እስራኤላውያን መረዳጃ ከፎገራ ሜዳ አንጻር

ይህ መጣጥፍ ወደ እስራኤል ለመሄድ ጎንደር ከተማ የሚጠባበቁ የቤተ እስራኤል ተወላጆች ምኩራባቸውን ማዕከል አድርገው ድህነትን የተቋቋሙበትን መንገድ ይመረምራል። ምኩራቡ ጥለውት የመጡትን የገጠር መረዳጃ በከፊል ቢተካም የመጠለያን ችግር አልፈታም፤ ችግሩ የሚመነጨው ከራሱ ከመጠባበቁ ነውና።

ለማነጻጸሪያ ፎገራን እንውሰድ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ ሜዳውን ሲያጥለቀልቅ በወረታ ዙሪያ ብዙዎች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። ይሁንና ባለይዞታው ውሃው ሲጎድል የሚመለስበት ማሳ ነበረው። መሬት የሌለው ወጣት ደግሞ የእኩል ያርሳል፤ አለዚያም በሩዝ አረምና አጨዳ የቀን ሥራ ያድራል። ሐዘን ቢገባበት እድር ይደርስለታል፤ እድሩ ግን የሚደርሰው መዋጮ እየከፈለ በሰፈሩ ለሚኖር አባል ነው።

በጎንደር የሚጠባበቁት ግን ማሳውንም እድሩንም አጥተዋል። አባቶቻቸው በአብዛኛው ርስት አልነበራቸውም፤ በጭሰኝነት ያርሱ፣ በአንጥረኝነት፣ በሽመናና በሸክላ ሥራ ይተዳደሩ ነበር። የየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ባለይዞታ የመሆን በር ከፈተላቸው። በ1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲወሰዱ ብዙ ዘመዶቻቸው ወደ ኋላ ቀሩ። ከዚያ በኋላ እነርሱን ለመከተል ሺዎች ማሳቸውን ለቀው ወደ ከተማ ገቡ፤ በጭቃ ቤት ኪራይና በቀን ሥራ ኑሮን ጀመሩ።

ይህን ክፍተት ለመሙላት በውጭ አይሁዳውያን ድጋፍ በጎንደር በምኩራቡ ዙሪያ ትምህርት ቤት፣ የምገባ አገልግሎትና የእጅ ሥራ መርሐ ግብር ተቋቋሙ፤ ለፋሲካ የሚሆነውን ቂጣም አባላቱ ራሳቸው ይጋግሩ ነበር። ጆይንት የተባለው የአይሁዳውያን የእርዳታ ድርጅት ሕክምና ሰጥቷል። ይሁን እንጂ የእስራኤል መንግሥት ጉዞው አብቅቷል ባለ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ጉዞውን ያስተባብር የነበረው የአይሁድ ኤጀንሲ በጎንደር ሥራውን ዘጋ። የምኩራቡን ጸሎት ማኅበረሰቡ ራሱ ቀጠለበት፤ ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች የሚሰጠው ምግብ ግን ዞሮ ዞሮ የውጭ በጎ አድራጊን እጅ ጠበቀ።

ከዚህ የምንረዳው እርዳታው ከጉዞው ጋር ተቆራኝቶ መቆየቱን ነው። «ዛሬ ነገ እንሄዳለን» የሚል ቤተሰብ ቤት አይሠራም፣ ለንግድ አይበደርም፤ ለጋሹም የዘለቄታ ሥራ አይጀምርለትም። ስለዚህ ሁለት ነገር ያስፈልጋል፦ የጉዞ ውሳኔው በጊዜ የተገደበ ይሁን፤ የሙያና የመጠለያ ድጋፉም ሰውየው ቢሄድም ባይሄድም የሚቀጥል ይሁን።