የቀራጺው እጅና የፋብሪካው ሰዓት

ስለ አውቶሞቢል የሚጻፉ ታሪኮች አብዛኛውን ጊዜ የሞተሩን ጉልበት፣ የፋብሪካውን ባለቤት ስምና የሽያጩን ብዛት ያወሳሉ። ጭቃና ጄሶ እየተጨበጠ የመኪናው አካል መልክ የሚይዝበት ስቱዲዮ እምብዛም አይነሣም። ለኪነ ጥበብ ሰው ግን ጉዳዩ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ፍላሚኒዮ ቤርቶኒ በ1903 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በሰሜን ኢጣሊያ፣ በቫሬዜ አጠገብ የተወለደ ቀራጺ ነበር። ፓሪስ ውስጥ በሲትሮኤን ኩባንያ ሲቀጠር የመኪናን መልክ በወረቀት ከመንደፍ ይልቅ እንደ ሐውልት በእጁ ማበጀትን መረጠ፤ በ1934 የወጣችው «ትራክሲዮን አቫን» የዚህ አሠራር ፍሬ ናት። ያቺ መኪና በጥድፊያ ለገበያ በመቅረቧ ጉድለቷ ብዙ ነበር፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም ኩባንያው ለኪሳራ ተዳርጎ በጎማ አምራቹ በሚሽለን እጅ ወደቀ። የተከታይዋ መኪና ጥናት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ተጠንስሶ እስከ 1955 ዘለቀ።

ከቤርቶኒ ጎን የአውሮፕላን መሐንዲሱ አንድሬ ሌፌብርና የመሐንዲስ ዲፕሎማ ሳይኖረው በሥራ ላይ የተማረው ፖል ማዤስ ነበሩ። ማዤስ ባሌስትራውንም ሞላውንም ትቶ የመኪናይቱን ክብደት በጋዝና በዘይት ግፊት ላይ አሳረፈው፤ ያው ግፊት መሪውን፣ ፍሬኑንና ማርሹን እንዲያግዝ አደረገ። የኋላ ጎማዎቿ ከፊተኞቹ ይልቅ ተቀራርበው ተተከሉ፤ ቀራጺው ወደ ኋላ እየጠበበ የሚሄደውን አካል ከዚሁ ልክ ጋር አስማማው።

ፍጽምናን የሚሻ እጅ ግን መቼ በቃኝ ይላል? የመኪናይቱን ታሪክ የጻፉ እንደሚተርኩት፣ ለሕዝብ ልትታይ ጥቂት ወራት ሲቀሯት የጣሪያዋ የኋላ ክፍል እንደገና ተለወጠ። ጣሪያውና የመስኮቱ ቋሚ የሚጋጠሙበት ማዕዘን ለዓይን የማይመች ሆነ። ያን ለመሸፈን የኋላ ፍሬቻዎች በጥሩምባ ቅርጽ ተሠርተው እዚያው ከጣሪያው ጫፍ ተተከሉ። እንከን መሸፈኛው የመኪናይቱ መታወቂያ ጌጥ ሆነ፤ በእኔ አስተያየት ከሥራው ሁሉ ጥበብ የተሞላበት ቦታ ይኸው ነው።

ከሞተሩ ዘንድ ሲደረስ ነገሩ ሌላ ነው። የታሰበው ባለ ስድስት ሲሊንደር ስላልተሳካ፣ ከዚያችው ከ1934ቷ መኪና የተወረሰ ባለ አራት ሲሊንደር ተገጠመላት።

በጥቅምት 1955 በፓሪስ የመኪና ትርዒት «ዲኤስ» ስትገለጥ፣ በመጀመሪያው ቀን ብቻ ወደ 12 ሺህ የሚጠጋ ትእዛዝ እንደ ቀረበ ይነገራል። ሮላን ባርት በ1957 ባሳተመው መጽሐፉ ከጎቲክ ካቴድራሎች ጋር አነጻጸራት። በውዳሴው መካከል የሚዘነጋው የጋራዡ ሠራተኛ ነው። የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች የግፊት ዘይት ከአየር እርጥበት እየሳበ ቧንቧውን ያዝገው ነበር፤ ግፊቱ ሲጓደል ደግሞ የሚታመመው አንድ ክፍል ብቻ አልነበረም። አረንጓዴው የማዕድን ዘይት የተተካው በ1966 ነው። ስቱዲዮው ለአንድ ማዕዘን ያልታገሠውን ጉድለት መካኒኩ ከመኪናው ሥር ተኝቶ ከአሥር ዓመት በላይ ታገሠው።

ቤርቶኒ በ1964 አረፈ። በ1967 ተተኪው ሮቤር ኦፕሮን የፊት ገጽታዋን ለውጦ መብራቶቿን ከመስተዋት በስተ ጀርባ አኖረ። ምርቱ 1 ሚሊዮን 450 ሺህ ያህል ደርሶ በ1975 እስኪቆም ድረስ ግን በጣሪያው ጫፍ ያሉት ሁለቱ ጥሩምባዎች ከቦታቸው አልተነሡም።